ጌታ በተናገረበት ቋንቋ ካልጸለይን አይሰማንምን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። አሠሪዎቼ ማሮናውያን የሚባሉ የሊባኖስ ክርስቲያኖች ናቸው። አንዳንድ እሑድ አሮጊት እናታቸውን ደግፌ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እወስዳለሁ። በዐረብኛው መካከል ሌላ ቋንቋ ይሰማል፤ ጌታ የተናገረበት አራማይክ ነው አሉኝ። በስልኬም «አባታችን ሆይ በእውነተኛው ቋንቋ» የሚል ጽሑፍ ደረሰኝ፤ ትርጉሙ ግን እኛ ከምናውቀው ፈጽሞ የተለየ ነው፣ «አባት» የሚለው ቃል እንኳ የለበትም። ደሴ ከእናቴ ጋር ያለው ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አፉን አልፈታም። ጌታ ለደንቆሮው ሰው የተናገረውን «ኤፍታህ» የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፌ ላክሁለት፤ እናቴ በትራሱ ሥር አኖረችው። አንዲት ጓደኛዬ ግን «ይህ ክታብ ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። በአራማይክ መጸለይ በአማርኛና በግእዝ ከመጸለይ ይበልጣልን? ወረቀቱስ ይነሣ? በመጽሐፍ ቅዱስ ያሉት እንዲህ ያሉ ቃላት ትርጉማቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዱ እኅታችን፣ ከሁሉ በፊት ስለ ልጅዎ ልመልስልዎ፤ ስለ ቃላቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ወረቀቱን እናትዎ ከትራሱ ሥር ያንሡት። በክብር ያንሡትና በቤት ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ያኑሩት። የጻፉት ከእናት አንጀት ነውና ማንም ከጠንቋይ ሥራ ጋር አስተካክሎ ሊያሸማቅቅዎ አይገባም። ነገር ግን ቃሉ ሳይነበብና ሳይጸለይበት፣ ወረቀቱ ብቻውን ልጁን ይፈውሳል ተብሎ ከተጠበቀ ጓደኛዎ የፈራችው ነገር እውነት ይሆናል። የወንጌል ቃል የሚሰማ፣ የሚታመን፣ የሚጸለይ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ድምፅ መስማቱ ተመርምሯልን? እናትዎን ይጠይቋቸው። ከጀርባው ሆነው በቀስታ ሲጠሩት ይዞራልን? በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣልን? ንግግር ለዘገየበት ሕፃን መጀመሪያ የሚመረመረው መስማቱ ነው፤ ቋንቋም የሚያዘው በእነዚህ የልጅነት ዓመታት ስለሆነ መዘግየት ይጎዳዋል። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ከጠበሉም ከቁርባኑም አይለይ። ሁለቱ አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላልና። ወንጌሉ ራሱ የሚተርክበትን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ፦ መጀመሪያ የሰውዬው ጆሮዎች ተከፈቱ፣ ከዚያ የምላሱ እስራት ተፈታ፣ ከዚያም አጥርቶ ተናገረ።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። እርስዎ ሳያስቡት በጥያቄዎ ውስጥ ተርጉመውታል። ልጄ «አፉን አልፈታም» አሉ። «ኤፍታህ» የሚለው የአራማይክ ቃል ፊደላቱ ፈ፣ ተ፣ ሐ ናቸው፤ ግእዙ ፈትሐ፣ አማርኛው ፈታ የሚለው ቃል ነው። ተከፈት፣ ተፈታ ማለት ነው። ለሙት የሚደረገውን ጸሎት ፍትሐት የምንለው፣ ዳኝነቱን ፍትሕ የምንለው፣ ልጅ መናገር ሲጀምር አፉን ፈታ የምንለው ሁሉ ከዚሁ ሥር ነው። ጌታ ለዚያ ሰው የተናገረው የተሰወረ ቃል አልነበረም። በዚያ አገር እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ «ክፈት» ሲል የሚጠቀምበት የዕለት ተዕለት ቃል ነበረ።

ቅዱስ ማርቆስ የጻፈውን እንይ። ጌታ ሰውዬውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፣ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፣ እንትፍ ብሎ መላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይ አሻቅቦ ቃተተ፣ ከዚያ በኋላ «ኤፍታህ» አለው። መስማት ለማይችል ሰው በመጀመሪያ በእጅ ነገረው። ቃተተለትም። ወንጌላዊው ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ ቃሉን እንደ ሰማው በአራማይክ አስቀምጦ ወዲያው «እርሱም ተከፈት ማለት ነው» ብሎ ፈታው። በዚያ ዘመን በግሪክና በሮም ዓለም ጠንቋዮች ትርጉሙ የማይታወቅ የባዕድ ቃል እየደረደሩ በሽተኛ እንፈውሳለን ይሉ ነበር። ቃሉ ካልገባህ ኃይለኛ ነው፣ ከገባህ ግን ኃይሉን ያጣል ይሉ ነበር። በእኛም አገር ደብተራ ነኝ ባይ ሰው በማይነበብ ጽሑፍ ድሀን የሚያታልለው በዚሁ መንገድ ነው። ማርቆስ ግን ቃሉንም ትርጉሙንም አንድ ላይ ሰጠን። ይህ ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ነው፦ ወንጌላውያን ከጌታ አፍ የወጡትን ጥቂት የአራማይክ ቃላት ለምስክርነት ጠብቀውልናል፤ ኃይሉ በድምፁ ውስጥ አለ ብለን እንዳንስት ደግሞ ተርጉመውልናል።

ለምን በአራማይክ ተናገረ? አራማውያን የሶርያ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸውን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የሶርያ ቋንቋ» ይለዋል፤ ኋላ በክርስቲያኖች ዘንድ የተጻፈበትን መልኩን የእኛ ሊቃውንት ሱርስት ይሉታል። በአሦር፣ በባቢሎንና በፋርስ መንግሥታት ዘመን የቤተ መንግሥት ደብዳቤ የሚጻፍበት ቋንቋ ሆነ። በ2ኛ ነገሥት 18፥26 የአሦር ንጉሥ መልእክተኛ ራፋስቂስ ከኢየሩሳሌም ቅጥር በታች ቆሞ ሲዝት፣ የንጉሡ የሕዝቅያስ ሹማምንት «በሶርያ ቋንቋ ተናገረን፣ ሕዝቡ እንዳይሰማ» ብለው ሲለምኑት እናያለን። በዚያ ጊዜ ተራው ሕዝብ አራማይክ አያውቅም ነበር። ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሕዝቡ አራማይክ እየተናገረ ስለ ኖረ የኦሪት መጽሐፍ በዕብራይስጥ ሲነበብለት አስተርጓሚ ያስፈልገው ጀመር። ነህምያ 8፥8 ሌዋውያኑ እያነበቡ ሕዝቡ እንዲያስተውል ይተረጉሙ እንደ ነበር ይናገራል። በጉባኤ ቤታችን መምህሩ የግእዙን ንባብ ተቀብሎ «አንድም» እያለ በአማርኛ የሚያብራራው ሥርዓት ከዚህ ጋር ሩቅ አይደለም። ትርጓሜ የሚለው ቃላችን ራሱ አይሁድ በአራማይክ ለጻፉት የመጽሐፍ ትርጉም ከሰጡት «ታርጉም» ከሚለው ስም ጋር አንድ ነው።

ከብሉይ ኪዳንም የተወሰነው ክፍል በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ትንቢተ ዳንኤል ከ2፥4 እስከ ምዕራፍ 7 ፍጻሜ፣ በዕዝራ መጽሐፍ የነገሥታቱ ደብዳቤዎችና በዙሪያቸው ያለው ታሪክ፣ በኤርምያስ 10፥11 አንድ ቁጥር። በብልጣሶር ግድግዳ ላይ የተጻፈው «ማኔ ቴቄል ፋሬስ» አራማይክ ነው፦ ተቈጠረ፣ ተመዘነ፣ ተከፈለ። የባቢሎን ጠቢባን ጽሕፈቱን ማንበብም ፍቺውን መናገርም አልቻሉም፤ ከዳንኤል በቀር የፈታው አልተገኘም።

በአዲስ ኪዳን ያሉት ብዙ ናቸው። ሁሉንም አልዘረዝርልዎትም፤ ሊጸልዩባቸው የሚገባዎትን ላሳይዎት።

የኢያኢሮስን ልጅ ጌታ እጇን ይዞ «ጣሊታ ቁሚ» አላት። ቁሚ የሚለውን ለእርስዎ መተርጎም አያስፈልገኝም፤ አማርኛዎ ነው። ጣሊታ ትንሽ ልጅ ማለት ሲሆን ከግልገል ስም ጋር ይዛመዳል፣ ግእዝም የፍየልን ግልገል ጠሊ ይለዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሞትን ያሸነፈው ቃል አባት ጠዋት ልጁን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ ከሚለው ቃል አይለይም። ወዲያውም የምትበላው ይሰጣት ዘንድ አዘዘ። በዚያ ክፍል ከወላጆቿ ሌላ የነበሩት ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ብቻ ናቸው፤ የጥንት አባቶች ደግሞ ማርቆስን የጴጥሮስ አስተርጓሚ ይሉታል። ስለዚህ ቃሉ ከሰሚው ጆሮ በቀጥታ የመጣልን ነው። ጴጥሮስም ኋላ በኢዮጴ ድሆችን ታለብስ የነበረችውን ጣቢታን ሲያስነሣ «ጣቢታ ሆይ ተነሺ» አለ፤ በአራማይክ ቢባል «ጣቢታ ቁሚ» ነው። ከመምህሩ ቃል በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያል። ጴጥሮስ ግን በድምፁ አልታመነም፤ የሐዋርያት ሥራ 9፥40 አስቀድሞ ተንበርክኮ እንደ ጸለየ ይነግረናል።

«አባ» የሚለውንም ጌታ በጌቴሴማኒ «አባ አባት ሆይ፣ ሁሉ ይቻልሃል» ሲል እንሰማዋለን። አንዳንድ ሰባኪዎች ይህ የሕፃን ልጅ መኮላተፍ ነው ይላሉ፤ ትክክል አይደለም። በዚያ ቋንቋ ሕፃኑም ጎልማሳውም አባቱን አባ ይላል። ፍቅርም ክብርም አለበት፤ እኛም መነኮሳቱን አባ ስንል ይህን እናውቀዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ አራማይክ ለማያውቁት ለሮምና ለገላትያ ምእመናን ጽፎ መንፈስ ቅዱስ «አባ አባት» ብለን እንድንጮኽ ያደርገናል ሲል ቃሉን ከነፍቺው ጻፈው። በ1ኛ ቆሮንቶስ መጨረሻም ግሪኩ «ማራናታ» ይላል፤ «ጌታችን ሆይ ና» ማለት ነው፣ «ጌታችን መጥቷል» ተብሎም ይነበባል። «ማር» ጌታ ማለት ነው። ማር ይስሐቅን ሲያነቡ ይህችን ቃል ያገኟታል፤ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኰሳት አንዱን የጻፈው ይህ አባት ጽሑፉን የጻፈው በሱርስት ነበርና። ማርታም እመቤት ማለት ነው። «ባር» ደግሞ ልጅ ነው፦ በርጤሜዎስ የጤሜዎስ ልጅ፣ በርባን የአባት ልጅ። ጎልጎታ የራስ ቅል፣ ኬፋ ዓለት፣ አኬልዳማ የደም መሬት። ይህን የመጨረሻውን በግእዝ ሐቅለ ደም ቢሉት ቃል በቃል ያው ነው።

በስልክዎ ወደ ደረሰው ጸሎት ልመለስ፤ በዚህ ነገር ብዙ ምእመናን ሲታወኩ አያለሁና። አራቱ ወንጌላት ወደ እኛ የደረሱት በግሪክ ነው። ዛሬ «በአራማይክ» ተብሎ የሚዞረው አባታችን ሆይ ከሱርስቱ ወንጌል የተወሰደ ነው፤ ይህም ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከግሪኩ የተተረጎመ፣ በጥንቷ የሶርያውያን ከተማ በዔዴሳ አካባቢ ይነገር በነበረው ዘዬ የተጻፈ ነው። የገሊላ ሰዎች አነጋገር የተለየ እንደ ነበር ወንጌል ራሱ ይመሰክራል፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጴጥሮስን «አነጋገርህ ይገልጥሃል» ብለው ይዘውታል። ሱርስቱ እጅግ የከበረ ጥንታዊ ጸሎት ነው። ነገር ግን ተሰውሮ የቆየ ሌላ ትምህርት የለበትም። እንዲህ ይጀምራል፦ «አቡን ድባሽማያ፣ ኔትቃዳሽ ሽማኽ፣ ቴቴ ማልኩታኽ»። አሁን በግእዝ ይበሉት፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ፣ ትምጻእ መንግሥትከ። አቡን አቡነ ነው፣ ሽማያ ሰማይ ነው፣ ሽማኽ ስምከ ነው። «ሀብ ላን» ሲል ሀበነ ነው። አባት የሚለው ቃል የመጀመሪያው ቃል ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ውስጥ ከጠፋ፣ ተርጓሚው የራሱን ፍልስፍና ጨምሯል ማለት ነው። እርሱን ከስልክዎ ያጥፉት፣ ለሌላም አያስተላልፉት።

በዚሁ ጸሎት ውስጥ ግን በእውነት ሊታሰብ የሚገባው አንድ ነገር አለ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው በሱርስቱ «ሽቡቅ ላን» ነው። ይህ ግስ ጌታ በመስቀል ላይ «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ሲል የተናገረው ግስ ነው። መተው ማለት ነው፤ ሰውን መተውም፣ በደልን መተውም ይባልበታል። የግእዝ ተርጓሚዎቻችንም ለሁለቱም አንዱን ግስ ኀደገን ተጠቅመዋል፦ በጸሎቱ «ኅድግ ለነ አበሳነ» እንላለን፤ በመዝሙረ ዳዊት 21 (በአማርኛው 22) «አምላኪየ አምላኪየ ነጽረኒ» ብሎ ለሚጀምረው ጩኸትም ያንኑ ግስ አስገብተዋል። አማርኛም «ለምን ተውኸኝ» ይላል፣ «በደሉን ተውኩለት» ይላል። ጌታ ይህን ሲጮኽ አብ ወልድን ተለየው ማለት እንዳይመስልዎ። ካህኑ ሥጋውን ደሙን ሲያቀብል እንደሚመሰክረው መለኮቱ ከትስብእቱ ለአንዲት ሰዓት፣ ለዐይን ጥቅሻ ታህል እንኳ አልተለየም። አባቶች እንዳስተማሩን በአዳምና በልጆቹ ቦታ ሆኖ፣ የተተወውን የእኛን ጩኸት ጮኸልን። እኛ የተተውን ነበርን፤ በእርሱ ምክንያት በደላችን ተተወልን። ዓርብ ስቅለት በስግደቱ መካከል ይህ ቃል ሲነበብ ሰውነቴ ይርዳል። እዚያ የቆሙት አንዳንዶቹ ቃሉን ሳያስተውሉ «ኤልያስን ይጠራል» አሉ። ቃሉን በጆሮ መስማት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በአራማይክ መጸለይ ይበልጣልን ላሉት፣ ጌታ በተሰቀለበት መስቀል ላይ የክሱ ጽሑፍ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ ተጽፎ ነበር። በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ሁሉንም ሰው አራማይክ አላስተማረም፤ ከጳርቴ እስከ ሮም የመጡት እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ ሰሙ። ቅዱስ ጳውሎስም በማኅበር በልሳን እልፍ ቃላት ከመናገር ይልቅ ሌሎችን የሚያስተምሩ አምስት ቃላት በአእምሮ መናገርን መረጠ። እርስዎም አፍ በፈቱበት በአማርኛ ይጸልዩ። ግእዙን ደግሞ ይያዙት፣ ትርጉሙንም ይማሩ።

ሱርስትን ግን እንደ ባዕድ አይዩት። ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማችን፣ ከጢሮስ የመጣ ነው። ውዳሴ ማርያምን እንደ ደረሰ ትውፊታችን የሚናገርለት ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ነው። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ታቦት፣ ምጽዋት፣ ቀሲስ፣ ዓርብ የሚሉትን ቃላት ሊቃውንት ከአራማይክና ከሱርስት ወደ ግእዝ የገቡ ናቸው ይላሉ። የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እኅታችን ናት፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የእኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ ፓትርያርኳ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ቋንቋው ዛሬም አልሞተም። ለደማስቆ በምትቀርበው በማዕሉላ፣ በቱርክ በቱር አብዲን፣ በኢራቅ በነነዌ ሜዳ አካባቢ የሚናገሩት ክርስቲያኖች አሉ፤ በጦርነትና በስደት ቁጥራቸው እየቀነሰ ነውና በጸሎትዎ ያስቧቸው።

ከአሮጊቷ ጋር ሲሄዱ «ቃዲሻት አሎሆ፣ ቃዲሻት ሐይልቶኖ፣ ቃዲሻት ሎ ሞዩቶ» ሲባል ከሰሙ አይደንግጡ። ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት ነው። በልብዎ በግእዝ ይበሉት። ማሮናውያን ግን ከሮም ጋር አንድ የሆኑ ካቶሊካውያን ስለሆኑ ከቁርባናቸው አይቀበሉ፤ አሮጊቷን መደገፍዎ፣ ቆመው መጠበቅዎ ኃጢአት የለበትም። እንዲያውም ዋጋ አለው።

ለልጅዎ ማታ ማታ ሲደውሉ እናትዎ ስልኩን በጆሮው አጠገብ ያድርጉለት፤ እርስዎም አባታችን ሆይን ቀስ ብለው ይጸልዩለት። ቃሉን ባይሰማ እንኳ እናትዎ እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው አብረው ይበሉ። ማርቆስ 7፥31-37ን እሑድ እሑድ ያንብቡለት፤ «ኤፍታህ» የሚለው ላይ ሲደርሱም ከነትርጉሙ ያንብቡት። ለሐኪሙ ቀጠሮ ይያዝ፤ ሳምንት አይለፈው። የንስሐ አባታችሁ ወደ ቤት መጥተው እንዲጸልዩለትም እናትዎ ይጠይቋቸው። የልጁን የክርስትና ስም ይላኩልኝ፤ በቅዳሴ እናስበዋለን።